በእርሳስ የተጻፈ አይዟችሁ

አባቴ ፅኑ ሕሙማን ክፍል በገባ ጊዜ እኔና እናቴ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አንድ ኮሪደር ላይ አሳለፍን። ወደ ውስጥ የሚያስገቡት በቀን ሁለቴ፣ ለዚያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተዘጋውን በር ማየት ነው። ከበሩ በላይ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል። ፀሐይ የወጣችበት የሱፍ ማሳ፣ ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «ፈገግ ይበሉ! ሕይወት ውብ ናት!» ይላል። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ጊዜ ሳላነበው አልቀርም። ከዚያ በኋላ ዓይኔ እየዘለለው ማለፍ ጀመረ።

በሁለተኛው ሌሊት እናቴ ትከሻዬ ላይ ሸለብ አደረጋት። እንዳልቀሰቅሳት ሳልንቀሳቀስ አንገቴን ብቻ ወደ ጎን ስመልስ፣ ከወንበሩ መደገፊያ አጠገብ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ቆሞ የሚያልፍ ሰው አያየውም። ለተቀመጠ ሰው ግን ልክ ከዓይኑ ትይዩ ነው። «አይዟችሁ። እኔም እዚህ ተቀምጬ ነበር።» ይላል። የጻፈው ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ዞር ብሎ ስለጻፈው መስመሩ እየዘቀዘቀ ሄዶ፣ «ነበር» የሚለው ቃል ከሌሎቹ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። እርሳሱን አጥብቆ ተጭኖታል፤ የግድግዳው ቀለም ተቦርቡሯል፤ በጣቴ ስዳብሰው ፊደሎቹ ይሰማኛል። ከሥሩ ሌሎች እጆች መልሰዋል። አንዱ «አሜን»፣ ሌላው «እግዜር ይስጥልን»፣ አንዱ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አንተስ፣ ሰውህ ዳነልህ?» ብሎ ጠይቋል። ለእሱ መልስ አልተጻፈም።

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል። የባቡር ጣቢያ ደረጃ፣ የሊፍት በር፣ የድልድይ ምሰሶ፣ የመሥሪያ ቤት መጠባበቂያ ክፍል፣ የትምህርት ቤት አጥር፤ መልካም ነገር የተጻፈበት ቦታ ሁሉ ያቆመኛል። ጥያቄዬም አንድ ነው። ያ ፖስተርና ያ የእርሳስ ጽሑፍ ሁለቱም በጎ ነገር ነው የሚሉት። ሁለቱም ያዘነ ሰው እንዲበረታ ይመኛሉ። ታዲያ አንዱ እንደ አቧራ ከላዬ ሲራገፍ ሌላው አንጀቴን የበላው ለምንድን ነው?

መልሱን መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ ትንሽ ተለጣፊ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ማቲው ሆፍማን የተባለ አርቲስት ቺካጎ ውስጥ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ የታተመባቸውን ትናንሽ ተለጣፊዎች በየመንገዱ መለጠፍ ጀመረ። 100 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች በየምሰሶው ይገኛሉ። ጽሑፉ ሰውን «ውብ» ይለዋል። ግን ማንን? ውብ ነህ? ውብ ነሽ? ውብ ነዎት? ውብ ናችሁ? እንግሊዝኛው ወንዱንም ሴቷንም፣ ሕፃኑንም አዛውንቱንም፣ አንዱንም መቶውንም በአንድ ቃል ጠርቶ ይገላገላል። አማርኛ ግን ከመናገርሽ በፊት ቀና ብለሽ ፊትሽ የቆመውን ሰው እንድታዪ ያስገድድሻል። ማን ነው? ወንድ ነው ሴት? ልጅ ነው አባት? ብቻውን ነው ወይስ ከሰው ጋር?

«ውብ ነህ» ብለን ብንለጥፈው ሴቶች በዚያ መንገድ አያልፉም ማለት ነው። «ውብ ነሽ» ብንለው ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መንገድ ላይ ከማናውቀው ሰው የሚመጣ «ቆንጆ ነሽ» ለብዙዎቻችን የለከፋ መጀመሪያ ነው፤ ሰምተን እርምጃችንን የምናፈጥንበት ቃል ነው። ያው ቃል እህቴ ስትለኝ ቀኔን ሙሉ ያበራዋል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተናጋሪው ነው። ግድግዳ ደግሞ ተናጋሪው አይታወቅም። እንግዲህ ሰው የማይታይበት ነገር ሰውን እንዴት አድርጎ ያጽናና? የአደባባይ መልካም ቃል ከባድነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ማስታወቂያዎቻችን ከዚህ ጭንቀት የሚያመልጡበት የታወቀ መንገድ አላቸው፤ ሰውን መጥራት ይተዋሉ። «ማጨስ ክልክል ነው»፣ «ያለ ሥራ መግባት የተከለከለ ነው»፣ «ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል»። የሚከለክለውም የሚከለከለውም ሰው አይታይም። ለክልከላ ይበቃ ይሆናል። ማጽናናት ግን እንዲህ አይሆንም። «አይዞህ» ሲባል መጨረሻው ላይ የሚባልለት ሰው አለ፤ አይዞሽ፣ አይዞዎት፣ አይዟችሁ። የእርሳሱ ጸሐፊ «አይዟችሁ» ሲል እዚያ ወንበር ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው እንደማይኖር ያውቅ ነበር። ቢያንስ በሩ ውስጥ አንድ ሌላ አለ። ቢያንስ ሁለት ናችሁ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት አማርኛ በየግድግዳው በዝቷል። «ትችላለህ!»፣ «ራስህን ሁን!»፣ «ህልምህን ተከተል!»፣ «ዛሬ ያንተ ቀን ነው!» ይላል። አልወደውም። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሁሉም ትእዛዝ፣ ሁሉም ሥራ ነው፤ ሸክሙን ሁሉ መልሶ አንባቢው ላይ ይጭናል። ያልቻለ ሰው አንብቦት ሲያልፍ ሁለት ጊዜ አለመቻሉን ተነግሮት ያልፋል። የቋንቋችን የራሱ ማበረታቻ እንዲህ አልነበረም። «ይቅናህ»፣ «ያበርታሽ»፣ «በሰላም ያግባችሁ»፣ «ይማርልሽ» እንላለን። «ያበርታሽ» ሲባል የሚያበረታው ስሙ አይጠራም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ተናጋሪው ኃይሉ የኔ ነው አይልም፤ ሁሉን በራስሽ ተወጪው ብሎም አይጥልሽም። ሁለታችሁም ከእናንተ በላይ ወዳለ ነገር አብራችሁ ቀና ትላላችሁ። «በርቺ» የሚለው ትእዛዝ እንኳ ከሚያውቅሽ ሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው፤ የደከመሽ መሆኑን አይቶ ነው ያለሽ።

እኛና እናንተ የሚለው ጉዳይ የሰዋስው ጥቃቅን ነገር እንዳልሆነ አንድ መንግሥት በብዙ ወጪ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የብሪታንያ መንግሥት የሕዝቡን መንፈስ ለማጽናት ሦስት ፖስተሮች አሳተመ። ከላይ የንጉሡ ዘውድ፣ ከሥሩ ነጭ ፊደል። አንደኛው በግርድፉ «የእናንተ ጀግንነት፣ የእናንተ ደስተኛነት፣ የእናንተ ቁርጠኝነት ለእኛ ድል ያመጣልናል» የሚል ነበር። ሰዉ አነበበና ጠየቀ። እናንተ ማን ነው? እኛስ ማን ነው? የሚሞተው አንዱ፣ የሚያሸንፈው ሌላው ነው እንዴ? ሊያበረታ የታሰበው ቃል አገሩን ለሁለት ከፍሎ አረፈው።

ሦስተኛው «ተረጋጉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» የሚለው ነበር። ወደ 2 ሚሊዮን 450 ሺህ ቅጂ ታትሞ ለክፉው ቀን ተቀመጠ፤ አብዛኛው ሳይለጠፍ ቀርቶ ወረቀቱ ለሌላ ሥራ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሰሜን እንግሊዝ አንዊክ በተባለች ከተማ፣ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በጨረታ ከገዛው የመጽሐፍ ሳጥን ሥር አንድ ቅጂ አገኘ። ቤተሰቡ ፍሬም አስገብተው ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ሰቀሉት፤ ደንበኞች ካልሸጣችሁልን አሉ። ዛሬ የማያውቀው የለም። በጊዜው ቢለጠፍ ይህን ያህል ይወደድ ነበር ብዬ አላምንም። ሰዎች የወደዱት ያዘዛቸው ባለሥልጣን ከጀርባው ከጠፋ በኋላ፣ አሮጌ ወረቀት ሆኖ ከሳጥን ሥር ሲወጣ ነው። ትእዛዙ ከስሞ የቀረው ከክፉ ዘመን የተረፈ ሰው ድምፅ ሆነ። እኔም እዚያ ነበርኩ የሚል ድምፅ።

ስለ ሆስፒታል ካነሳሁ አይቀር አንድ የወደድኩትን ጥናት ልጥቀስ። አዳም ግራንትና ዴቪድ ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ፣ የአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞችና ነርሶች እጃቸውን የሚታጠቡበት ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ለጠፉ። አንዱ እጅን ማጽዳት አንተን ከበሽታ ይጠብቅሃል ይላል፤ ሌላው ሕሙማንን ከበሽታ ይጠብቃል ይላል። ልዩነቱ አንድ ቃል ብቻ ነው። ሳሙናውን ይበልጥ ያስጠቀመው ስለ ሕሙማን የሚናገረው ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ሰው ስለ ራሱ ሲነገረው ጆሮውን ደፍኖ ስለ ሌላው ሲነገረው የሚሰማበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አያምርም። በሴኡል ከተማ የማፖ ድልድይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሕይወታቸው መሮአቸው የሚመጡ ሰዎችን ይመልሳል በሚል ተስፋ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበሩ ጽሑፎች ተተከሉ። ቃሎቹ የቤተሰብ ቃል ናቸው፤ እንዴት ሰነበትክ፣ ምግብ በልተሃል ወይ የሚሉ ዓይነት። ሐሳቡ ዓለም አቀፍ የማስታወቂያ ሽልማት ተሸለመ። በተከታዮቹ ዓመታት ግን የታሰበው አልሆነም፤ በድልድዩ ላይ የሚመዘገበው ራስን የማጥፋት ሙከራ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጽሑፎቹ ተነሱ። የጻፏቸው ሰዎች ልባቸው ቅን እንደነበር አልጠራጠርም። ግን «በልተሃል ወይ?» የሚል ጥያቄ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። «አልበላሁም» የሚለው ሰው ማን ይስማው? እዚያው ድልድይ ላይ የተተከለ የነፍስ አድን ስልክም አለ፤ እሱን ሲያነሱት በሌላው ጫፍ የሚመልስ ሰው አለ። እኔ የማምነው በስልኩ ነው። ጨንቆት ይህን የሚያነብ ካለም፣ ከግድግዳ ቃል በፊት የሚሰማህን ሰው ፈልግ፣ የሚሰማሽን ሰው ፈልጊ እለዋለሁ።

ግድግዳ ብቻውን ሰው አያድንም። ግን ከግድግዳው ጀርባ ሰው ሲኖር ነገሩ ይለያል፤ ለዚህ እንደ ብራዚሏ ሪዮ ዴ ጄኔሮው ሰውዬ የሚነግረኝ የለም።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1961 በሪዮ ማዶ ባለችው በኒቴሮይ ከተማ አንድ የሰርከስ ድንኳን ተቃጥሎ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ጆዜ ዳትሪኖ የተባለ የጭነት መኪና ሥራ የነበረው ሰው ይህን ሰምቶ ሥራውን ተወ። ወደተቃጠለው ቦታ ሄደ፤ አመዱ ላይ አበባና አትክልት ተከለ፤ እዚያው እየኖረ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ፣ የሚያለቅሱ ወላጆች ሲመጡ ይቀበላቸው፣ ያጽናናቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ በየጀልባውና በየአውቶቡሱ ስለ ደግነት መናገር ጀመረ። ሰዉ «ነቢዩ ደግነት» አለው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ቀለምና ብሩሹን ይዞ ወደ ሪዮ መግቢያ ባለው የመኪና መተላለፊያ ድልድይ ሥር ገባ። ከ50 በላይ ምሰሶዎች ላይ በአረንጓዴና በቢጫ፣ በራሱ የፊደል ቅርጽ ጻፈ። በጣም የታወቀችው ቃሉ ሦስት ቃል ናት፤ ደግነት ደግነትን ይወልዳል።

ይህ ሰው ስለ ቋንቋም የሚያስብ ሰው ነበር። በፖርቱጋልኛ «አመሰግናለሁ» ለማለት የሚነገረው ቃል «ግዴታ አለብኝ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። እሱ ይህን ቃል አልቀበልም አለ፤ በፍቅር መሃል ግዴታ የለም ብሎ በቦታው ምስጋናን ብቻ የሚገልጽ ሌላ ቃል ይናገር ነበር። አንድ ሰው ከተማ የሚያህል ግድግዳ ላይ ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱን ቃል እንዲህ በእጁ ይመዝነዋል። ይህን ሳስብ እነዚያ ወርቃማ ፊደሎች ለምን እንደማይነኩኝ ይገባኛል፤ ማንም አልመዘናቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሞተ። ከዚያ የከተማዋ አስተዳደር ምሰሶዎቹን ግራጫ ቀለም አስቀባቸው። ሰዉ ግን እሺ ብሎ አልቀረም፤ ተንቀሳቅሶ፣ ግራጫው ተፍቆ ጽሑፎቹ ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ እንደገና ታደሱ። ቃሉ ዛሬም በከተማዋ በየቦታው አለ። «ደግነት ደግነትን ይወልዳል» የሚለውን ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ቢጽፈው ተራ ምክር ነው። ምሰሶው ላይ የጻፈው ሰው ግን አመድ ላይ አበባ ተክሎ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ተቀምጦ የመጣ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ የሲድኒው አርተር ስቴስ ይመጣብኛል። በድህነትና በመጠጥ የተንገላታ፣ ስሙን እንኳ አስተካክሎ መጻፍ የሚቸግረው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ስብከት ሰምቶ ሲወጣ፣ ኪሱ ውስጥ በነበረ ጠመኔ እግረኛ መንገዱ ላይ «ዘላለም» ብሎ ጻፈ፤ እጁ በማያውቀው ውብ አጻጻፍ። ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ፣ ከተማው ሳይነቃ እየወጣ ይህችኑ አንዲት ቃል ጻፋት፤ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ማን እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ ሲድኒ ያቺን ቃል በእሱ እጅ ጽሑፍ በትልቁ የወደብ ድልድይ ላይ በመብራት አበራቻት። እኔን የሚገርመኝ ግን ድልድዩ አይደለም፤ ቃሏ መሬት ላይ መጻፏ ነው። አንገቱን የደፋ ሰው ግድግዳ አያይም፤ የሚያየው የእግሩን ሥር ነው። ስቴስ ጎንበስ ብሎ የጻፈው ለእሱ ነው። የኮሪደሩም ጸሐፊ እንዲሁ፤ ጽሑፉን ያኖረው የተቀመጠ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ ላይ ነው።

የቦታ ነገር ከተነሳ ካይሮን ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤል ሲድ የተባለው አርቲስት ማንሺየት ናስር በሚባለው ሰፈር፣ የከተማውን ቆሻሻ ሰብስበው፣ ለይተው፣ መልሰው ጥቅም ላይ የሚያውሉ ሰዎች በሚኖሩበት፣ ወደ 50 በሚጠጉ ሕንፃዎች ላይ አንድ ጽሑፍ ሣለ። እያንዳንዱ ሕንፃ ላይ ያለው የፊደል ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሙሉው የሚነበበው ከላይ ከሞቃተም ተራራ ሲታይ ነው። ቃሉ የእስክንድርያው የቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን አጥርቶ ማየት የሚፈልግ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ። መጀመሪያ ሳነበው ለሰፈሩ ሰዎች የተጻፈ ምክር መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ደክመው ለሚኖሩ ሰዎች ዓይናችሁን ጥረጉ ይባላል? ቆይቶ ነው የገባኝ። ጽሑፉን ሙሉ አድርጎ የሚያነበው ከላይ ወደ ታች የሚያያቸው ሰው ነው። ዓይንህን ጥረግ የተባለው እነሱን «ቆሻሾች» እያለ የሚጠራው ነው። የሰፈሩ ሰዎች በግድግዳቸው ተናገሩ እንጂ አልተነገራቸውም። ማን ነው የሚያነበው ብሎ አለመጠየቅ አንዳንዴ ቃሉን በሙሉ ይገለብጠዋል።

እነዚህን ሁሉ ሳነብ፣ ስመለከት፣ እየተመላለስኩ የማርፈው ያቺው ዘቅዛቃ መስመር ላይ ነው። «አይዟችሁ። እኔም እዚህ ተቀምጬ ነበር።» ሕይወት ውብ ናት አላለኝም። ፈገግ በይ አላለኝም። ይድናል እንኳ አላለም፤ አያውቅማ። የሚያውቀውን ብቻ ጻፈ፤ እዚህ መቀመጡን፣ ከዚያም መነሳቱን። «ነበር» የሚለው ቃል ነው የያዘኝ። ከዚህ ወንበር የሚነሱበት ቀን አለ ማለት ነው፤ በምንም ሁኔታ ይሁን፣ ይነሳሉ።

በሦስተኛው ሌሊት ማለቂያ ላይ አባቴን ወደ ተራው የሕሙማን ክፍል እንደሚያዘዋውሩት ነገሩን። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፌስታሉንና ቴርሞሱን ሰብስባ ተነሳች። እኔ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው? የሰው ግድግዳ ላይ አይጻፍም» አለችኝ።

ዝም ብዬ በጣቴ አሳየኋት። መነጽሯን አውጥታ፣ ጎንበስ ብላ አነበበች። መጀመሪያ እርሳሱን፣ ከዚያ «አሜን»ን፣ ከዚያ ሰማያዊውን ጥያቄ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳትናገር መደገፊያውን ይዛ ቆመች፤ እኔ ከሁሉም በታች «እኛም» ብዬ ጻፍኩና ክዳኑን ገጠምኩ።

«ቀኑንም ጻፊበት እንጂ» አለች እናቴ። «መቼ እንደተነሳን ካላወቁ ምን ያደርግላቸዋል?»

ክዳኑን መልሼ ከፈትኩ።